ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ተጎዳ ሳንባና ስለ ስቴም ሴል ተስፋ

ከደብረ ሲናና ከይፋት ቆላ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ማታ ማታ ተሰብስበን ከምንከራከርባቸው ጉዳዮች አንዱ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ቢቀርብ ይጠቅማል ብለን አስበናል። ጉዳዩ የሳንባ ጉዳይ ነው። የተበላሸ ሳንባ «ስቴም ሴል» በሚባል ነገር ይጠገናል የሚል ወሬ በውጭ አገር መነገር ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ወሬውም በራዲዮና በስልክ እየተላለፈ እስከ አገራችን ሰው ድረስ ደርሷል። ሰውም ልጄ ተምሯል ብሎ ስለሚያምነን የሚጠይቀው እኛን ነው። «ይህ ነገር እውነት ነውን? ገንዘብ ቢገኝ አባታችንን ያድነዋልን?» ለሚለን ሰው የምንሰጠው መልስ በሬ የሚያሸጥ ወይም ከመሸጥ የሚያድን መልስ ነው። እንግዲህ በግምት ልንናገር አይገባንም።

አሳባችንን ከመጀመሪያው ገልጠን ብንናገር ይሻላል። የተጎዳ ሳንባን በስቴም ሴል መጠገን የሚጠና፥ አንድ ቀንም ሊደረስበት የሚችል ነገር ነው። ዳሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ መድኃኒት ሆኖ አልተገኘም፤ ስለዚህ መድኃኒት ነው ብሎ ለሚሸጠው ሰው ገንዘብ መስጠት አይገባም። ያው ገንዘብና ያው ትጋት ሳንባው ሳይበላሽ በፊት ቢውል ግን የሚያድነው ሰው ብዙ ነው። ምክንያታችንን በየተራው እናቀርባለን፤ የማይስማማ ቢኖር በሚቀጥለው ቁጥር ይመልስልን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሳንባው ከራሱ እንጀምር። ሰው በሁለቱ ሳንባዎቹ ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ የሆኑ እጅግ ደቃቅ የአየር ከረጢቶች አሉት። እነዚህ ሁሉ ተዘርግተው ቢለኩ ስፋታቸው 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። የከረጢቱ ግድግዳ ከወረቀት ይልቅ የሳሳ ነው፤ በግድግዳው ጀርባ ቀጭን የደም ሥር ይሄዳል፤ ኦክሲጅን ከአየር ወደ ደም የሚሻገረው በዚህ ነው። ከረጢቶቹ በጢስ ሲፈራርሱ፥ ወይም በበሽታ ጠባሳ ሲደፈኑ፥ መሻገሪያው ይጠባል። ያን ጊዜ ሰውየው በአየር መካከል ቆሞ አየር ያጣል።

ይህን ለማስረዳት ለደብረ ሲና ልጅ ብዙ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጣርማ በር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ወደ 1300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሸዋ ሮቢት ግን 85 በመቶ ያህል ይሆናል። ሳንባው የተጎዳ ሽማግሌ ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ቁልቁል ሮቢት ሲወርድ ምንም መድኃኒት ሳይወስድ ትንፋሹ ቀለል ሊለው ይችላል። የተሻለው ግን አየሩ ነው እንጂ ሳንባው አይደለም፤ ተመልሶ አቀበቱን ሲወጣ ያው ድካም ይጠብቀዋል። «ተሻለኝ» ማለትና «ሳንባዬ ተጠገነ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናልና።

እንግዲህ ስቴም ሴል የሚባለው ምንድን ነው? ሴል ወይም ሕዋስ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ትንሹ፥ ነገር ግን ሕይወት ያለው ክፍል ነው። አብዛኞቹ ሕዋሶች አንድ ሥራ ይዘው ያንኑ ሲሠሩ ኖረው ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን እንደ ዛፍ ግንድ ናቸው፤ ራሳቸውን እያደሱ ልዩ ልዩ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ስለዚህ በአማርኛ «ግንደ ሕዋስ» ብንላቸው ይስማማቸዋል። በ1961 ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩላክ የተባሉ ሁለት የካናዳ ሊቃውንት በአይጥ መቅኔ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕዋስ መኖሩን በፈተና አስረዱ። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ የአንዱን ሰው መቅኔ ለሌላው መስጠትን ከ1957 ጀምሮ ሲሞክር ኖሮ ብዙ የደም ካንሰር ሕሙማን የሚድኑበትን መንገድ ስለ ከፈተ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1998 ጄምስ ቶምሰን የሰውን የፅንስ ግንደ ሕዋስ ከሰውነት ውጭ አሳደገ። በ2006 ደግሞ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአይጥን ተራ የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንድነት መመለስ እንደሚቻል አሳየ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሰው ሕዋስ ደገመው፤ በ2012ም ኖቤል ተሸለመበት። ይህ ሁሉ የተረጋገጠ ዕውቀት ነው፤ ተረት ነው የሚል ሰው ቢኖር ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያንብብ።

በሳንባም ውስጥ ግንደ ሕዋስ አለ። በአየር ቧንቧዎቹ ሥር፥ በከረጢቶቹም ግድግዳ ላይ፥ የወደቀውን የሚተኩ ሕዋሶች ይኖራሉ። ብርድ ወይም ቀላል ምች ይዞን ሲለቀን ሳንባችን ወደ ቀድሞው የሚመለሰው በእነዚህ ሥራ ነው። ታዲያ ለደም የተቻለው ለሳንባ ለምን አልተቻለም?

መልሱን ከይፋት እርከን እንውሰድ። አባቶቻችን በዳገቱ ላይ ድንጋይ ደርድረው አፈሩን ባያቆሙት ኖሮ ዛሬ የምናርሰው መሬት ባልነበረን። እርከኑ ቆሞ ሳለ አንድ ዓመት ሰብል ቢጠፋ በሚመጣው ዓመት ዘር ተዘርቶ ይተካል። ነገር ግን እርከኑ ፈርሶ አፈሩ ከታጠበ በኋላ፥ በባዶው ቋጥኝ ላይ ምርጥ ዘር ቢበተን ምን ያበቅላል? የደም ነገር እንደ መጀመሪያው ነው። መቅኔው ቦታውን ይዞ ስለሚቆይ በደም ሥር የተሰጠው ሕዋስ ራሱ ቦታውን ፈልጎ ያድርበታል። የሳንባ ነገር ግን እንደ ሁለተኛው ነው። የፈረሰው የከረጢቱ ግድግዳ፥ የደም ሥሩና ሁሉን የያዘው መረብ በአንድነት ነው። በክንድ ሥር የተወጋ የመቅኔ ሕዋስ በደም ዝውውር ወደ ሳንባ መድረሱ እውነት ነው፤ ግን በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ተይዞ ይቀርና አብዛኛው በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ግድግዳ ሆኖ አይቆምም።

ይህ በክርክር ብቻ የተባለ ሳይሆን በፈተና የታየ ነው። በአሜሪካ ሥር የሰደደ የሳንባ መታፈን ሕመም ያለባቸው 62 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ለአንዱ ወገን የመቅኔ ሕዋስ፥ ለሌላው ባዶ መርፌ ተሰጠ። ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። በ2013 የታተመው ውጤት ሕዋሱ ጉዳት አላደረሰም፤ የሳንባንም ኃይል አላሻሻለም የሚል ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣም በዚያው አገር በመተንፈሻ መኪና ላይ ለነበሩ ሕሙማን እንዲህ ያለ ሕዋስ ተሞከረ፤ የሞትን ቁጥር እንደማይቀንስ ስለ ታየ 222 ሰዎች ከገቡበት በኋላ በ2020 መጨረሻ ፈተናው ቆመ።

ሚዛናችን እንዲስተካከል ተስፋ የሚሰጠውንም እንንገራችሁ። በቻይና የሻንጋይ ቶንግጂ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የመቅኔን ሕዋስ ትተው ከበሽተኛው ከራሱ የአየር ቧንቧ ግንደ ሕዋስ በመሣሪያ ጠርገው አወጡ፤ በላቦራቶሪ አባዝተው ወደዚያው ሳንባ መለሱት። በ2024 በታተመው ውጤት ሕዋሱን የተቀበሉት 17 ሰዎች ነበሩ። ጋዝ ከሳንባ ወደ ደም የመሻገሩ ኃይል ከጤነኛ ሰው 30 በመቶ ያህል ከነበረበት በ12 ሳምንት ወደ 40 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ይህ መልካም ወሬ ነው። ዳሩ ግን 17 ሰው ጥቂት ነው፤ ለማነጻጸሪያ ያለ ሕዋስ የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው የገባበት፥ ማን ምን እንደ ተቀበለ ሐኪሙም ሕሙሙም የማያውቁበት ፈተና እስኪደረግ ድረስ «ተገኘ» ማለት አይቻልም። መንገዱ ግን ትክክለኛ ይመስለናል።

ቀጥሎ የምንተርከው የአንድ ተማሪ ታሪክ ስለሆነ ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። ነገሩ ወደ ሳንባ የሚያስገባውን ዋናውን የመተንፈሻ ቧንቧ የሚመለከት ነው። ይህ ሰው የጎረቤታችን የኤርትራ ተወላጅ ሲሆን በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ያጠና ነበር፤ ዕድሜው 36፥ የልጆች አባት ነው። ቧንቧው ላይ ዕጢ ስለ በቀለበት በሰኔ ወር 2011 ወደ ስቶክሆልም ተላከ። እዚያም በካሮሊንስካ ሆስፒታል ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ቧንቧውን አውጥቶ በምትኩ ከፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ አስገባለት። ፕላስቲኩ አስቀድሞ ከበሽተኛው ከራሱ መቅኔ በተወሰደ ሕዋስ ተነክሮ ነበርና ሕዋሱ አድጎ እውነተኛ ቧንቧ ይሆናል ተባለ። ዓለም አጨበጨበ። በዚያው ዓመት ላንሴት የተባለው ስመ ጥሩ የሕክምና መጽሔት ሥራው እንደ ተሳካ የሚናገር ጽሑፍ አወጣ፤ አንድ ዓመት ሲሞላውም በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ የሚያከብር ስብሰባ ተደረገ። ተማሪው ግን በጥር ወር 2014 ሞተ። በዚያው ሆስፒታል እንዲህ ያለ ቧንቧ የገባላቸው ሌሎቹ ሁለት ሕሙማንም ሞተዋል። ሕዋሱ ቧንቧ አልሆነም፤ ፕላስቲኩ ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ።

በ2014 አራት የዚያው ቤት ሐኪሞች የታተመው ጽሑፍና የሕሙማኑ መዝገብ አይስማሙም ብለው አቤቱታ አቀረቡ። በመጀመሪያ የሚሰማቸው አላገኙም፤ ይልቁንም ራሳቸው ተወቀሱ። እነሱ ግን አልተመለሱም። በመጨረሻ በ2018 መጽሔቱ ጽሑፉን ሻረው። በሰኔ ወር 2023 ደግሞ የስዊድን የይግባኝ ፍርድ ቤት ሐኪሙን በሁለት ዓመት ተኩል እስራት ቀጣው።

ይህን የምናወራው ሳይንስን ለመስደብ አይደለም። ቧንቧውን ያስገባው ሐኪም የሳይንስን ልብስ ለብሶ ነበር፤ እውነቱን ያወጡት አራቱ ሐኪሞች ግን የሳይንስን ሥራ ሠርተዋል። እኛን የሚያሳዝነን ሌላ ነገር ነው። በእንስሳ ላይ በሚገባ ሳይፈተን በሰው ላይ የተሞከረው ሥራ መጀመሪያ የወደቀው ከአገሩ ርቆ ለትምህርት በመጣ፥ ሌላ ተስፋ የለህም በተባለ የአፍሪካ ተማሪ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለጠያቂው እንቢ ማለት እንዴት ይችላል? ማናችንም ብንሆን በእርሱ ቦታ ልንገኝ እንችል ነበር።

ያ የሆነው በታላቅ ሆስፒታል፥ ጽሑፍና መዝገብ ባለበት ቤት ነው። ጽሑፍም መዝገብም በሌለበት የገበያ ክሊኒክ ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ሦስት አረጋውያን ሴቶች እያንዳንዳቸው 5000 ዶላር ከፍለው ከገዛ ሆዳቸው ስብ የወጣ ሕዋስ በሁለት ዓይናቸው ተወግተው የዓይናቸውን ብርሃን ክፉኛ እንዳጡ በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለሳንባ የሚሸጡትም በብዙ አገር አሉ። ማስረጃቸው ምንድን ነው? «እገሌ ተሻለኝ ብሏል» የሚል ነው። ከጣርማ በር ወደ ሮቢት የወረደውን ሽማግሌ እዚህ ላይ አስታውሱ። ብዙ ገንዘብ የከፈለ፥ ሩቅ አገር የሄደ፥ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በደግነት የተቀበለው በሽተኛ ለጥቂት ሳምንት ቀለል ሊለው ይችላል። ሳንባው ተጠግኖ እንደሆነ የሚናገረው ግን መለኪያው ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው መጥቶ ቢጠይቀን ሻጩን ሦስት ነገር እንዲጠይቀው እንምከረው። አንደኛ፥ ሕዋሱ ከየት የተወሰደ ነው፥ በሳንባዬስ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ሁለተኛ፥ ሕዋሱን ከተቀበሉትና ካልተቀበሉት የተሻለው የትኛው መሆኑ የታየው በየትኛው ፈተና ነው፥ የትስ ታተመ? ሦስተኛ፥ ይህ ገና ፈተና ከሆነ የምከፍለው እኔ ለምንድን ነው? በእውነተኛ ፈተና ላይ በሽተኛ ለሚሞከርበት መድኃኒት ገንዘብ አይጠየቅም። በሦስቱ ጥያቄ የተቆጣ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

«ታዲያ ሳንባው አስቀድሞ ለተጎዳው ሰው ምንም የላችሁም ማለት ነውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አለን። ትምባሆ የሚያጨስ ቢሆን ዛሬውኑ መተው የቀረውን ሳንባ ያተርፋል። የሚሳብ መድኃኒት ቧንቧውን ይከፍታል። በሐኪም ምክር በየቀኑ እየጨመሩ መራመድና የአተነፋፈስ ልምምድ ማድረግ የሰውን አቅም እንደሚያሻሽል በብዙ ፈተና ተረጋግጧል። የደም ኦክሲጅኑ እጅግ ለወረደ ሰው ኦክሲጅን ዕድሜ ይጨምራል። ከእነዚህ ሁሉ የፈረሰውን ግድግዳ መልሶ የሚያቆም የለም። በፈተና የቆሙት ግን እነዚህ ናቸው፤ በየወረዳው ሆስፒታል ሊኖሩ የሚገባቸውም እነዚህ ናቸው። ለስቴም ሴል የሚጮኽ ሰው የሚሳብ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ ዝም ካለ ጩኸቱ ለበሽተኛው አይደለም እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የእኛን ሰው ሳንባ የሚያፈርሰው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው የሳንባ ነቀርሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዚህ በሽታ ሸክም ከከበደባቸው 30 አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ይቆጥራታል። በአብዛኛው ሰው ላይ በሽታው በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ነገር ግን ብዙ ሰው ዘግይቶ ይመጣል። ሳሉን ብርድ ነው ይላል፥ መች ነው ይላል፥ ሰው እንዳይሸሸው ይደብቀዋል። በመጨረሻ ሲታከም ተሕዋሲው ይሞታል፤ ሳንባው ላይ የቆየው ጠባሳና ዋሻ ግን አይጠፋም። «ዳንህ» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እያለከለከ ይኖራል። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ይዞ ወዲያው አክታውን ያስመረመረና ስድስት ወር ዘግይቶ የሄደ ሰው የሚወስዱት መድኃኒት አንድ ነው፤ የሚቀርላቸው ሳንባ ግን አንድ አይደለም። በዚህ ላይ መድኃኒቱ ተጀምሮ ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲዘልቅ የተሰደደው ሕዝብ መካከል መድኃኒቱን በእጁ ያልያዘ ስንት ሰው እንደ ነበረ ማን ቈጠረ? ሰላም ማጣትም ሳንባ ያፈርሳል።

ሁለተኛው የማጀት ጢስ ነው። በአገራችን አብዛኛው ቤት የሚያበስለው በእንጨት፥ በከሰልና በኩበት ነው። በጣርማ በር ደጋ ኩበት፥ በይፋት ቆላ እንጨትና የማሽላ አገዳ ይነድዳል። እናቶቻችን ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥደው እንጀራ ሲጋግሩ የሚስቡትን ጢስ ወንዶች ስለማንገባበት አናውቀውም። በጀርባ የታዘለው ሕፃን ግን ያውቀዋል፤ ሳንባው ገና በማደግ ላይ ሳለ ይቀበለዋልና። በዓለም ላይ በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ያህል እንደ ሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። እናታችን ትምባሆ በአፏ ሳታስገባ የአጫሽ ሳንባ ይዛ ብታረጅ ማንም ሐኪም ሊደነቅ አይገባውም።

ሦስተኛው ትምባሆ ነው። የሸዋ ሮቢት መሬት ከሽንኩርትና ከማሾ ሌላ ለብዙ ጊዜ ትምባሆም ሲበቅልበት የኖረ መሬት ስለሆነ ቅጠሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። አዋጁ በግድግዳ ተለጥፎ በግቢያችን መኝታ ቤት ኮሪደር ላይ ሲጋራ ሲጨስ እናያለን። በ20 ዓመቱ የሚያጨስ ተማሪ በ60 ዓመቱ ስቴም ሴል ያድነኛል ብሎ ተስፋ ያደርግ እንደሆነ «ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ» ያሉት አባቶች ለእርሱ ተናግረዋል።

ከመካከላችን የተነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «ምድጃ መለወጥም ቢሆን ያን ያህል አይጠቅምም» የሚል ነው። ይህ ዝም ብሎ የሚጣል ነገር አይደለም። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት በሚኖሩባቸው ቤቶች የተሻሻለ ምድጃ ተሰጥቶ ነበር፤ በ2016 መጨረሻ የወጣው ውጤት የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳየ። እኛ ከዚህ የምንማረው ምድጃ ከንቱ ነው ብለን አይደለም፤ ጥቂት ጢስ መቀነስ አይበቃም ብለን ነው። በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶ ይቈጥባል፤ ለእናቶችም የእንጨት ሸክም ያቃልላል፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ለሳንባ ግን ጢሱ ከቤት ፈጽሞ መውጣት አለበት። የጢስ ማውጫ፥ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ምጣድ ያስፈልጋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። እኛ ደስታችን የሚፈጸመው ግን ያ ኃይል ከከተማ መብራት አልፎ በይፋት ማጀት ውስጥ ምጣድ ሲያግል ነው። መንግሥትን የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ጭስ ማውጫና ስለ አክታ ምርመራ ሊሰብክ ነውን? ታላቁን ሳይንስ ለፈረንጅ ትተን እስከ መቼ?» የሚል ነው። የሚናገሩት ወንድሞቻችን ቁጭታቸው ይገባናል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅምና። ነገር ግን ታላቅ ሳይንስ ከየት እንደሚጀምር ተሳስተዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ዓለም ያወቀው የእንዶድ ምርምር ከዚያ ተነሣ፤ ልብስ አጣቢዎቹን ሴቶች የናቀ ምሁር ቢሆኑ ኖሮ አያዩትም ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2013 ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ ሁለተኛ የሆነች አገር የራሷ የሳንባ ሐኪም ማሠልጠኛ አልነበራትም። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ይመራመራል። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተጠራው የጤና ሳይንስ ግቢ ከደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ከነቀርሳ በኋላ የሚቀረውን ጠባሳ፥ የኩበትን ጢስ፥ ከቆላና ከደጋ የሚወጣ የሚወርደውን ሰው ትንፋሽ ማን ያጥናው? ሻንጋይ አያጠናልንም። እንዲህ ያለውን ጥናት የያዘ ትውልድ ወደ ግንደ ሕዋስ ላቦራቶሪ ሲገባ ምን እንደሚፈልግ አውቆ ይገባል። በስቶክሆልም እንደ ሆነው ለሙከራ ሰውነቱን የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን ከፍቶ «ይህ ከጽሑፉ ጋር አይስማማም» የሚል ሰው ከእኛ ይወጣል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ምን እናድርግ? ሁለት ሳምንት የሚያስል ሰው በቤታችን ወይም በጎረቤት ቢኖር እጁን ይዘን ጤና ጣቢያ እናድርሰው፤ መድኃኒት የጀመረውን ስድስቱን ወር እንዲፈጽም እንከታተለው። ወደ ማጀት እንግባ፤ ለጢሱ መውጫ እንክፈት፤ እናት ስትጋግር ሕፃኑን እኛ እንዘለው። ይህን ለማድረግ የሚያፍር ወንድም ቢኖር ዲግሪው ምን እንዳስተማረው ይመርምር። ስለ ስቴም ሴል የሚጠይቀንን ሽማግሌ በትዕግሥት እንመልስለት፤ ተስፋውን አንንቀፍበት፥ በሬውን ግን አናሸጠው። በግቢያችንም ኮሪደር ላይ የሚጨሰው ሲጋራ እንዲቀር ማኅበራችን ውሳኔ ያሳልፍ። የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች ስለ ግንደ ሕዋስ በአማርኛ አንድ ስብሰባ ቢያደርጉልን ደግሞ እጅግ ደስ ይለናል፤ ባላገሩ የማይሰማው ዕውቀት ለሻጭ ገበያ ይሆናልና።

የተጎዳ ሳንባ የሚጠገንበት ቀን እንዲመጣ ከልባችን እንመኛለን፤ ከመካከላችን አንዱ ቢደርስበት ደግሞ ኩራታችን ወሰን አይኖረውም። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ በየማጀቱ የሚያልቀው ሳንባ ግን አይጠብቀንም። እሳቱ ሳይሰፋ በቅጠል የሚጠፋበት ጊዜ አሁን ነው።